ሰው ምን ይለኛል

ወጣት ክርስቲያን ከሃይማኖቱ ሥርዓት የሚወጣው በምን ምክንያት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሰዎች «የሥጋ ምኞት አሸንፎት ነው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን በማስተማር ሥራ ከወጣቶች ጋር ብዙ ዓመት ስለ ኖርሁ፣ እኔ የታዘብሁት ከዚህ ጥቂት ይለያል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጣዕሙ ስቦት የጠጣ ወጣት እምብዛም አላየሁም፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ መራራ ነውና። የመጀመሪያውንም የጫት ቅጠል ጣፍጦት ያላመጠ አላጋጠመኝም። ምሬቱን የሚያስውጠው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም በዙሪያው የተቀመጡት ባልንጀሮቹ ዓይን ነው። እንግዲህ ወጣቱን አስቀድሞ የሚጥለው ፍርሃት ነው፤ ምኞት የሚመጣው ልማዱ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

ለዚህ ፍርሃት አማርኛችን ስም አውጥቶለታል፤ ይሉኝታ ይባላል። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት፤ ይኸውም የሚሉት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ አይናገርም። «እገሌ እንዲህ ይለኛል» ቢል ኖሮ፣ እገሌ ማን እንደ ሆነ፣ ቢልስ ምን እንደሚያመጣ መርምረን በተረዳነው ነበር። ይሉኝታ ግን ፊት የሌለው ዳኛ ነው፤ ፊት ስለ ሌለውም ይግባኝ የሚባልበት አይገኝም።

ይሁን እንጂ ይሉኝታን በደፈናው የሚነቅፍ ሰው የሀገሩን ጠባይ አያውቅም። «ይሉኝታ ቢስ» መባል በእኛ ዘንድ ከባድ ስድብ ነው፤ መሆንም ይገባዋል። ጎረቤቱ ጦሙን ሲያድር ብቻውን መብላት የሚያሳፍረው ሰው፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ፣ የተበደረውን ሳይጠየቅ የሚመልስ ነጋዴ፣ እነዚህ ሁሉ ሕግ ሳያስገድዳቸው በይሉኝታ ይጠበቃሉ። የወጣቱም ፈተና የሚመጣው ከዚሁ ከመልካሙ በኩል ስለ ሆነ ነው አስቸጋሪ የሚሆነው።

እስቲ ልጆች ሆነን ያደግንበትን ቤት እናስታውስ። እንግዳ ሆነን ስንሄድ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባልን እንጎርሳለን። ጠገብሁ ብሎ እጁን የሰበሰበ ሰው ኩሩ ነው ይባላል፤ ወይም ቂም ይዟል ተብሎ ይጠረጠራል። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ብዙ መልካም ነገር ይማራል፤ እንቢ ማለትን ግን አይማርም፤ እንዲያውም እንቢታ ብልግና መሆኑን ነው የሚማረው። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ይገባና ተማሪዎች ዶርም በሚሉት መኝታ ቤት ውስጥ፣ በዚያው ቃልና በዚያው ፈገግታ፣ «በሞቴ አንዲት ብቻ» ይባላል። ፈተናው የጠላት ልብስ ለብሶ ቢመጣ ኖሮ ባወቀው ነበር፤ የመጣው ግን የእናቱን ቃል እየተናገረ ነው። «ራስህን ሁን» የሚለው ከውጭ የመጣ ምክር ብዙ የማይረዳውም ስለዚህ ነው። የሀገራችን ልጅ ራሱን ሲሆን፣ የተጋበዘውን የማይመልስ ሰው ይሆናልና።

ይህ ድካም የእኛ ብቻ እንዳይመስልህ፣ አንባቢዬ ሆይ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምንላት ሀገር፣ ታጋስቴ በምትባል ከተማ የተወለደው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ወጣትነቱ ይተርካል። በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሌሊት ሄደው የጎረቤት ዛፍ አራግፈው ፒር የሚባለውን ፍሬ ሰረቁ። አልራባቸውም ነበር፤ እርሱ በቤቱ ከዚያ የሚሻል ፍሬ ነበረው፤ የሰረቁትንም አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። በኋላ ጳጳስና ታላቅ መምህር ሆኖ ይህን ሲያስታውስ፣ ስለዚያች ትንሽ ስርቆት ብዙ ገጽ ጻፈ። አንዳንድ አንባቢ «ለጥቂት ፍሬ ይህን ያህል!» ብሎ ይስቃል። እኔ ግን የመረመረው ነገር ትልቅ ነው እላለሁ፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው ተረድቶ ነበርና። ጓደኞቹ በክፋታቸው ሲመኩ እየሰማ፣ ከእነርሱ ያነሰ እንዳይመስል ያልሠራውን እንኳ ሠራሁ እያለ ይናገር እንደ ነበር ጽፏል። ሰው ኀጢአት ባለመሥራቱ የሚያፍርበት ጉባኤ አለ ማለት ነው።

በዚያው መጽሐፍ የባልንጀራው የአሊጲዮስ ታሪክ ይገኛል። አሊጲዮስ ሕግ ለማጥናት ሮም ገብቶ ሳለ፣ ሰዎች በሰይፍ እየተጋደሉ የሚሞቱበትን የሕዝብ ትርዒት እጅግ ይጠላ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ከምሳ ሲመለሱ አገኙትና እጁን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱት። እርሱም ገላውን ቢወስዱት እንኳ ዓይኑንና ልቡን እንደማይወስዱት ተናግሮ ገባ፤ ተቀምጦም ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። አንዱ ተዋጊ ወድቆ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ፣ ምን ሆነ ብሎ ገለጠ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። ሌላ ቀን ደግሞ እርሱ ራሱ ሌሎችን እየጎተተ የሚመጣ ሆነ። በኋላ ከዚህ ወጥቶ የታጋስቴ ጳጳስ ለመሆን በቃ፤ ነገር ግን ለወጣት የሚጠቅመው የመውደቁ መንገድ ነው። አሊጲዮስ ትግሉን በመቀመጫው ላይ ሊታገል አሰበ፤ ትግሉ ግን የነበረው በበሩ ላይ ነበር። «እገባለሁ እንጂ አልጠጣም»፣ «አብሬ እቀመጣለሁ እንጂ አልቅምም» የሚለውን ሁሉ በአንድነት አልኰንንም፤ አንዳንዱ ይችለዋል። ይሁን እንጂ ከአህያ ጋር ስለ ዋለች ጊደር አባቶቻችን የተረቱትን፣ ለጨዋ ጽሑፍ ባይመችም፣ ማስታወስ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን ሐዋርያው ጴጥሮስ ነው። ጌታው በተያዘበት ሌሊት፣ ብዙ ሰው መሣሪያ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ ሰይፉን መዝዞ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጆሮ ቆርጧል። ፈሪ አልነበረም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን በግቢው እሳት ሲሞቅ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ «አንተም ከእርሱ ጋር ነበርህ» ብትለው አላውቀውም ብሎ ካደ። በሰይፍ ፊት የቆመው ሰው በአንዲት ሴት ጥያቄና በእሳት ዳር በተቀመጡ ሰዎች ፊት ወደቀ። ከዚህ የምንረዳው፣ ለሰይፍ የሚሆን ድፍረትና ለሰው ዓይን የሚሆን ድፍረት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ስሙን የወረሱት አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ኢጣልያ ጥይት ተደብድበው ሲሞቱ፣ ለጠላት መገዛትን እንቢ ማለታቸውን ሁላችንም በኩራት እንናገራለን። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና በባሕር ዳር የተገደሉትን ወንድሞቻችንንም እናስባለን፤ አብዛኞቹ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ስለ እነርሱ ሲወራ «እኔም ብሆን አልክድም ነበር» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ግን ያው ወጣት ዓርብ ቀን በምግብ ቤት ውስጥ ሦስት ጓደኞቹ ሥጋ አዝዘው «ና ቅመስ» ሲሉት፣ ጾም ነው ለማለት ምላሱ ይተሳሰራል። የሚገድለው የለም፤ የሚያስረውም የለም። የሚመጣበት ቢበዛ የአንድ ደቂቃ ሳቅ ነው፤ ይህችን የአንድ ደቂቃ ሳቅ ግን መሸከም ያቅተዋል።

ስለ ማተብም የማየው ይህንኑ ነው። ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ክሩ በአንገቱ ላይ ይታያል። ከወር በኋላ ከሸሚዙ ኮሌታ በታች ይገባል፤ ዓመቱ ሳያልቅ በሻንጣው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ልጅ በአምላክ መኖር የሚጠራጠርበት መጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ ማንም ተከራክሮ አልረታውም። አንድ ሰው «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ፈገግ አለ፤ በቃ። ከክርክር ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ እኔ በበኩሌ አከብረው ነበር፤ የጠየቀና ያሰበ ሰው ተመልሶ ሊያስብ ይችላልና። በፈገግታ የተሸነፈ ሰው ግን ምን እንደ ተወ እንኳ አያውቀውም። ማተብ ክር ነው፤ ማተብ የማያስሩ ክርስቲያኖችም ሞልተዋል። እኔ የምጠይቀው ክሩ ለምን ወለቀ ብዬ ነው። በአማርኛችን «ማተብ የለውም» ማለት ቃሉ የማይታመን ማለት ነው፤ ይህም አነጋገር አንገትን ከኅሊና ጋር አያይዞ ነበር የሚመለከተው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድላዊ እሆናለሁ። ይሉኝታ ወደ ጭፈራ ቤት ብቻ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይጎትታል። ጓደኞቹ መንፈሳውያን ስለ ሆኑ ብቻ የሚጾም፣ ነጠላውን በሰው ፊት የሚያጣፋ፣ ቆሞ ባያስቀድስ ስሙ እንዳይነሣ የሚፈራ ወጣትም አለ። ይህ ሰው በመልካም ቦታ ቆሟል፤ ያቆመው ግን ያው ፊት የሌለው ዳኛ ነው። ጓደኞቹ በተለወጡ ቀን እርሱም ይለወጣል። ስለዚህ «ክፉ ጓደኛ ትተህ ደግ ጓደኛ ያዝ» የሚለው ምክር፣ ምንም እንኳ እውነት ቢሆን፣ ግማሽ ምክር ነው።

የሆነ ሆኖ ወጣት ያለ ባልንጀራ ይኑር ማለት አይቻልም። ሰሎሞን አሽ የተባለ በፖላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተመው ምርምር ይህን በጣም ግልጽ አድርጎታል። ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ አንድ መሥመር ያሳያቸዋል፤ ከሌሎች ሦስት መሥመሮችም በርዝመት ከዚህኛው ጋር የሚተካከለው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃቸዋል። ነገሩ ሕፃን የማይሳሳተው ነው። ነገር ግን ከተማሪዎቹ መካከል እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በምስጢር ተስማምተው አብረው የተሳሳተውን ይናገራሉ። ከተሰጡት መልሶች ከመቶ 37 ያህሉ ከብዙዎቹ ስሕተት ጋር ተስማምተው ተገኙ። ከተፈታኞቹ አንድ አራተኛ የሚሆኑት ብቻ አንድ ጊዜም ሳይከተሏቸው ጸኑ። እስካሁን ያለው የሚያሳዝን ነው፤ የሚያጽናናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በቡድኑ ውስጥ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሲጨመር የብዙዎቹ ኃይል ወደ ሩብ ወረደ። ብዙ ሰው አላስፈለገም፤ ከጎን የሚቆም አንድ ሰው በቃ።

ይህ ከተገለጠ በኋላ የነቢዩ ዳንኤልን ታሪክ በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርሁ። ዳንኤል በባቢሎን ምርኮኛ ወጣት ሆኖ የንጉሡን ምግብ እንቢ ሲል ብቻውን አልነበረም፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል አብረውት ነበሩ። እኛም ሠለስቱ ደቂቅ እያልን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን በቅዱስ ገብርኤል በዓል ከእሳት መዳናቸውን የምናስባቸው እነዚህ ናቸው። እሳቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከእሳቱ በፊት የነበረውን የምግብ ጠረጴዛ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በጠረጴዛ እንቢ ማለትን ያልተማሩ ወጣቶች በእሳት ፊት እንቢ ለማለት ባልቻሉም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ደግሞም እንቢ ያሉበትን መንገድ ተመልከት። የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ ሲታዘዙ ተማሩ። በባዕድ ስም ሲጠሩ በዚህ አልተጣሉም። በቤተ መንግሥት አገለገሉ። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱን ነገር መርጠው ይህን አንነካም አሉ፤ ሲሉም አልተሳደቡም፤ ጥራጥሬና ውኃ እየተሰጣቸው 10 ቀን እንዲፈተኑ በትሕትና ለመኑ። ዓለማዊነት ትምህርት፣ አዲስ ልብስ ወይም የውጭ ቋንቋ የሚመስላቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ በዚህም ወጣቱን ያስመርሩታል። ሁሉን እንቢ የሚል ሰው እንቢታውን ያረክሰዋል። ሁሉን እሺ የሚልም የራሱ የሆነ ነገር አይኖረውም።

የዛሬው ወጣት ፈተና ከዳንኤል በአንድ ነገር ይከብዳል። ቀድሞ የባልንጀሮች ጉባኤ ማታ ይበተን ነበር፤ ወጣቱም ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ከራሱና ከአምላኩ ጋር ይቀር ነበር። ዛሬ ጉባኤው በስልኩ ውስጥ አብሮት ይተኛል፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ምን ያህል ሰው እንደ ወደደውም በቁጥር ይነገረዋል። መድኃኒቱ ግን ያው የቀድሞው ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት በሩን መዝጋት፣ ስልኩንም ከበሩ ውጭ መተው።

አሁን እንቢ ስለ ማለት ጥቂት ልናገር። ብዙ ወጣት እንቢ ከማለት ይልቅ ምክንያት ይፈጥራል፤ «መድኃኒት ጀምሬአለሁ»፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላል። ይህ ለአንድ ማታ ያሳልፋል። በሳምንቱ ግን «መድኃኒቱ አለቀ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ ወይ ሌላ በሽታ መፍጠር ወይ መጠጣት አለበት። አጭር እንቢታ ይሻላል፤ «እኔ አልጠጣም፣ እናንተ ተጫወቱ» ብሎ ወሬውን መቀጠል። ስብከት መጨመር አያስፈልግም፤ የሰበከ ሰው ክርክር ይከፍታል፣ ክርክርም ሌሊቱን ይፈጃል። እኅቴ ሆይ፣ አንቺም በዚህ መንገድ ብትናገሪ ንቀት አይሆንብሽም። የሚያስቀይመው ብዙ ጊዜ የምንናገርበት ፊት ነው እንጂ ቃሉ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጠጡ አይደለም፤ የፈተናው ነው። «በሞቴ» የሚለው ቃል ፍቅርን አስመስሎ የሚመጣበት ዋናው ቦታ የፈተና አዳራሽ ነውና። በሀገራችን ኩረጃ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ሁሉም ያውቃል፤ የፈተና ወረቀት መውጣትና ኩረጃ ስላስቸገረ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሁሉም በኩረጃ ምክንያት ነው አይባልም፤ የትምህርቱም ድካም አለበት። ነገር ግን ብዙ ልጆች ለዓመታት በሰው ወረቀት ተደግፈው መቆማቸውን ያን ቀን አየን። አሳይቶ ያሳለፋቸው ባልንጀራ ደግ መስሏቸው ነበር።

አንድ የማውቀው ተማሪ ነበረ። በሒሳብ ጎበዝ ነው፤ የአንድ ወረዳ ልጅ የሆነ ባልንጀራው በአጠገቡ ይቀመጣል፤ አንድ እንጀራ ተካፍለው የሚበሉ ናቸው። ባልንጀራው ከፈተናው ከሁለት ሳምንት በፊት «ታሳየኛለህ አይደል?» አለው። ይህ ልጅ የሚያስቀድስ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምር ነው። ለመጠጥ የሚጋብዘውን መመለስ አይከብደውም ነበር፤ ይህን መመለስ ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሣው፤ የሚጠየቀው ኀጢአት ምሕረት መስሎታልና። ወደ እኔ መጥቶ ምን ላድርግ አለኝ። እኔም፣ «አሁኑኑ ንገረው፤ በአዳራሹ ውስጥ አትንገረው። ወረቀትህን ከልክለው፤ ሌሊትህን ግን ስጠው» አልሁት።

ሄዶ ነገረው። «ወረቀቴን አላሳይህም፤ ነገር ግን እስከ ፈተናው ድረስ በየማታው ሁለት ሁለት ሰዓት ሒሳብ አስጠናሃለሁ» አለው። ባልንጀራው በጓደኞቻቸው ፊት «ጻድቁ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ከእርሱ ጋር እስከ ምረቃው ቀን ድረስ ቆየ። ለጥናት አልመጣም። ልጁ ግን በየማታው በተባባሉት ሰዓት ወንበር አቅርቦ ይጠብቀው ነበር። በመጨረሻ የመጣው ሌላ፣ ከዚያ በፊት አነጋግሮት የማያውቅ፣ ከማዶ ዶርም የነበረ ልጅ ነው፤ ነገሩን ሰምቶ «ያ ሰው ካልመጣ እኔ ልቀመጥበት?» ብሎ ጠየቀው።